የውጭ ኤምቢኤ፦ ከትምህርት ቤቱ በፊት የሥራ ፈቃዱን ማየት

ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል በ2024 ካስመረቃቸው የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ተማሪዎች መካከል ሥራ ሲፈልጉ ከነበሩት 23 በመቶዎቹ ከምረቃ ሦስት ወር በኋላም ሥራ አልያዙም ነበር። በ2022 እንዲህ የገጠማቸው 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው በ2024 ሥራ የያዙት ምሩቃን ሚዲያን መነሻ ደመወዝ ደግሞ በዓመት 175,000 ዶላር ነበር፤ ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ተቀጥረዋል ማለት ነው። ሁለቱም አሃዞች እውነት ናቸው። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ግን ሁለተኛው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለኤምቢኤ ወደ ውጭ መሄድ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የትምህርት ቤቶችን ደረጃ ከሚያወጡ ሰንጠረዦች ነው። አካሄዱ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው ሥራው ነው፤ ቀጥሎ ሥራው ያለበት አገር፤ ከዚያም በዚያ አገር የውጭ ዜጋ በምን ፈቃድና ለምን ያህል ጊዜ መሥራት እንደሚችል። ትምህርት ቤቱ የሚመረጠው እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ በኋላ ነው። የአገሬው ተማሪ ሦስተኛውን ጥያቄ መዝለል ይችላል። የውጭ ተማሪን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ግን ይኸው ጥያቄ ነው እንጂ ፈተናው ወይም ቃለ መጠይቁ አይደለም።

ቀጣሪው የሚከፍለው ለምንድን ነው?

ሐኪም ያለ ዲግሪው ማከም፣ ጠበቃም ያለ ፈቃዱ መሟገት አይችልም። ኤምቢኤ እንዲህ ያለ ሥልጣን አይሰጥም። ያለ ኤምቢኤ ባንክ የሚመሩ፣ ፋብሪካ የሚያስተዳድሩ ሰዎች የትም አሉ። በክፍል የሚሰጠው ፋይናንስ፣ አካውንቲንግ፣ ማርኬቲንግና ስትራቴጂም ቢሆን አብዛኛው ከመጻሕፍት የሚገኝ ነው። ቀጣሪ ከፍ ያለ ደመወዝ የሚከፍለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ማጣሪያው ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከብዙ አመልካቾች ጥቂቶችን ሲመርጥ የቀጣሪውን ሥራ በከፊል ሠርቶለታል። ሁለተኛው የተዘረጋ መስመር መኖሩ ነው። እንደ ማኪንዚ፣ ቢሲጂና ቤይን ያሉ የማማከር ድርጅቶች፣ ትልልቅ የኢንቨስትመንት ባንኮችና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በየዓመቱ ሰው የሚመለምሉባቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር አላቸው። በዝርዝሩ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት የሚማር ሰው መልማዩን ግቢው ውስጥ ያገኘዋል። ከዝርዝሩ ውጭ ካለ ትምህርት ቤት የወጣው ምሩቅ ማመልከቻውን እንደ ማንኛውም ሰው በድረ ገጽ ያስገባል። የዲግሪው ስም አንድ ነው፤ መንገዱ ግን የተለያየ ነው።

ዝርዝሩ በአገር፣ አንዳንዴም በከተማ ይለያያል። የቢዝነስ ስኩል ስም እንደ ገንዘብ ኖት ነው፤ አንዳንዱ የትም ይመነዘራል፣ አንዳንዱ ካተመው አገር ድንበር ሲወጣ ተራ ወረቀት ይሆናል። በፓሪስ ቢሮዎች ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ስም ቶሮንቶ ላይ ማብራሪያ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ «ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው?» የሚለው ጥያቄ «ለየትኛው ከተማ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ካልተከተለው ትርጉም የለውም።

ዕውቅናን በተመለከተ ሦስት ማኅተሞች ይጠቀሳሉ፦ ኤኤሲኤስቢ፣ ኤኩዊስ እና አምባ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትምህርት ቤቱን ይመዝናሉ፤ አምባ ደግሞ ፕሮግራሙን። አምባ የኤምቢኤ ተማሪ ቢያንስ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ሰው ያለ አንዳች ልምድ የሚቀበል «ኤምቢኤ» ሲያጋጥም፣ ቀጣሪዎችም ምን ብለው እንደሚያዩት መገመት አይከብድም። ያም ሆኖ ማኅተም ከአጭበርባሪ ተቋም ይጠብቅ እንደሆነ እንጂ በራሱ ሥራ አያስገኝም።

ሥራ ፍለጋው ከትምህርቱ ይቀድማል

የአሜሪካ የሁለት ዓመት ፕሮግራም በነሐሴ አካባቢ ይጀምራል። የማማከር ድርጅቶችና ባንኮች በመስከረምና በጥቅምት ግቢ ውስጥ መታየት ይጀምራሉ። የበጋው ኢንተርንሺፕ (ጊዜያዊ የሙከራ ሥራ) ማመልከቻ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይገባል፤ ቃለ መጠይቁ በጥር ይካሄዳል። ኢንተርንሺፑ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል፤ ቋሚ ሥራም በአብዛኛው የሚቀርበው በዚያው ማብቂያ ላይ ነው። (ወራቱም የአውሮፓውያኑ ናቸው፤ መስከረም ሴፕቴምበርን፣ ጥር ጃንዋሪን ተክቶ ነው። በጋ የተባለውም የእነሱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ነው።) ሲደመር፣ ወሳኙ ፍልሚያ የሚያልቀው ትምህርቱ በተጀመረ በአምስተኛው ወር ላይ ነው። «መጀመሪያ ልረጋጋ፣ ሥራውን በሁለተኛው ዓመት እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ዋናው በር ከተዘጋ በኋላ ነው የሚያንኳኳው።

እዚህ ላይ የውጭ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይቀደማል። ቪዛው ዘግይቶበት የመጨረሻው ሳምንት ላይ ከደረሰ፣ ቤት ሲፈልግና የባንክ ሒሳብ ሲከፍት የመጀመሪያዎቹ የትውውቅ መድረኮች ያልፉታል። ደግሞም የአሜሪካ ምልመላ ግማሹ ከማመልከቻ ውጭ የሚሠራ ነው፤ ከማያውቁት የድርጅቱ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ለምኖ በስልክ ማውራት፣ ማግስቱን የምስጋና መልእክት መላክ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ተመልሶ መጻፍ። ይህን እንደ ልመና የሚቆጥር ሰው በነጥቡ ሳይሆን በዝምታው ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመነሳት በፊት ባሉት ሦስትና አራት ወራት የአንድ ገጽ ሲቪ በአገሩ ቅርጽ አዘጋጅቶ፣ ለማማከር ሥራ የሚፈልግ ከሆነ የኬዝ ቃለ መጠይቅን (የአንድ ኩባንያ ችግር ተሰጥቶ እዚያው የሚፈታበትን) ከሰው ጋር ደጋግሞ መለማመድ። ኬዝ በንባብ አይለመድም። የሚፈተነው ቁጥርን እያሰሉ ጮክ ብሎ ማሰብ ነው፤ ይህ ደግሞ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ ሲሆን ሁለት እጥፍ ልምምድ ይፈልጋል።

የአውሮፓ ፕሮግራሞች አጠር ይላሉ። ኢንሲያድ 10 ወር ነው፤ ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅና በሎዛን ያለው አይኤምዲ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃሉ። ኤችኢሲ ፓሪስ 16 ወር፣ ለንደን ቢዝነስ ስኩል ደግሞ ከ15 እስከ 21 ወር ነው። ማጠሩ ገንዘብ ያተርፋል፤ የሚያስከፍለው ኢንተርንሺፑን ነው። በኢንሲያድ ለምሳሌ በጥር የሚገቡት የበጋ ዕረፍት ስላላቸው ኢንተርንሺፕ መሥራት ይችላሉ፤ በበጋው መጨረሻ የሚገቡት ግን ያ ክፍተት የላቸውም። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሙያ መቀየር ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ነው። ቀጣሪ ልምድ የሌለውን ሰው ሞክሮ የሚያየው በኢንተርንሺፕ ነውና።

በዘርፉ ያሉ ሰዎች አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ሊቀይር ይችላል ይላሉ፦ አገር፣ ኢንዱስትሪ እና የሥራ ዓይነት። በአንድ ዓመት ፕሮግራም ሁለቱን መቀየር ይቻላል፤ ሦስቱን በአንድ ዝላይ መቀየር ግን ኢንተርንሺፕ ላለው እንኳ ከባድ ነው። የባንክ ኦዲተር የነበረ ሰው በሌላ አገር የቴክኖሎጂ ኩባንያ የፕሮዳክት ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ ካለ ሦስቱንም ነክቷል። በመጀመሪያ በዚያው አገር የፋይናንስ ቴክኖሎጂ ኩባንያ በፋይናንስ ክፍል ቢገባ፣ ሁለቱን ቀይሮ ሦስተኛውን ከሁለት ዓመት በኋላ ከውስጥ ይቀይረዋል።

የሥራ ፈቃድ፣ አገር በአገር

አሜሪካ። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የተማረ ሰው ከምረቃ በኋላ ኦፒቲ በሚባለው ፈቃድ 12 ወር መሥራት ይችላል። ፕሮግራሙ በስቴም (በሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስናና ሒሳብ) ዘርፍ የተመዘገበ ከሆነ 24 ወር ይጨመርለታል፤ በድምሩ ሦስት ዓመት። ወጥመዱ «ትምህርት ቤቱ የስቴም ኤምቢኤ አለው» የሚለው አባባል ላይ ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ፕሮግራሙ በሙሉ ስቴም ነው፤ በሌሎች ግን አንድ የትምህርት ትኩረት ብቻ። ማየት የሚገባው ብሮሹሩን ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ለቪዛ በሚሰጠው አይ-20 በተባለው ቅጽ ላይ የሚሰፍረውን የትምህርት ዘርፍ ኮድ ነው። ተጨማሪውን 24 ወር ለማግኘት ቀጣሪውም ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው የሠራተኛ ፈቃድ ማረጋገጫ ሥርዓት የተመዘገበ መሆንና የሥልጠና ዕቅድ መፈረም አለበት። ትናንሽ ጀማሪ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

የኦፒቲ ማመልከቻ ፕሮግራሙ ከሚያልቅበት ቀን 90 ቀን በፊት ጀምሮ ካለቀ በኋላ እስከ 60 ቀን ድረስ ይገባል። ፈቃዱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ያለ ሥራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ነው፤ የስቴም ተጨማሪው ሲታከልበት 150። ቀኖቹ ባይከታተሉም ይደመራሉ። ስለዚህ መነሻ ቀኑን አመልካቹ ራሱ ሲመርጥ፣ ሥራ ያልያዘ ሰው ዘግየት ያለ ቀን መምረጡ፣ የያዘው ደግሞ ከውሉ ጋር ማስማማቱ ያዋጣል። ብዙዎች ሳያስቡት የምረቃውን ማግስት ጽፈው ሰዓቱን በራሳቸው ላይ ያስነሳሉ።

ከኦፒቲ በኋላ ያለው ኤች-1ቢ የተባለው፣ ቀጣሪው የሚያመለክትበትና አመልካች ሲበዛ በዕጣ የሚታደለው የሥራ ቪዛ ነው። በዓመት 65,000፣ ከዚያም በአሜሪካ የሕዝብ ወይም ለትርፍ ባልቆመ ተቋም ማስተርስ ለያዙ ተጨማሪ 20,000 ቦታ አለ። ምዝገባው በመጋቢት፣ ሥራው የሚጀምረው በጥቅምት 1 ነው። ስቴም ያልሆነ ምሩቅ ከምረቃው በኋላ የሚያገኘው በአብዛኛው አንድ ዕጣ ነው፤ ስቴም የሆነው እስከ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ለአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ዕድል ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣ ሌላ ነገር በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የለም። በመስከረም 2025 በወጣ የፕሬዝዳንቱ አዋጅ በአዲስ የኤች-1ቢ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሏል። አገር ውስጥ ሆነው ከተማሪነት ወደዚህ ፈቃድ የሚዛወሩትን እንደማይመለከት ባለሥልጣናቱ ቆየት ብለው አብራርተዋል። እንግዲህ ተመርቆ ወደ አገሩ የተመለሰና ከዚያ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ለቀጣሪው እጅግ ውድ ሆኗል ማለት ነው። ከ2026 ጀምሮ ዕጣው ራሱ ደመወዛቸው በሙያቸው ከፍ ወዳለው እንዲያደላ ተደርጓል።

ብሪታንያ። የግራጁዌት ፈቃድ ያለ ስፖንሰር (ለቪዛው ኃላፊነት የሚወስድ ቀጣሪ ሳያስፈልግ) ሁለት ዓመት ያሠራል፤ ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ግን 18 ወር ይሆናል። ከዚያ ወደ ሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ለመሻገር አጠቃላዩ የደመወዝ ወለል ከሐምሌ 2025 ወዲህ 41,700 ፓውንድ ነው፤ ለሥራ ጀማሪዎች ዝቅ ያለ ወለል አለ። የኤምቢኤ ደመወዝ ብዙውን ጊዜ ይህን ያልፋል። የሚያዳግተው የስፖንሰርነት ፈቃድ ያለው ቀጣሪ ማግኘቱ ነው። መንግሥት ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች መዝገብ በይፋ ያወጣል፤ ከማመልከት በፊት የሚፈልጓቸውን ሃያ ድርጅቶች እዚያ ውስጥ መፈለግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከጥር 2024 ጀምሮ በክፍል የሚሰጥ ማስተርስ የሚማሩ፣ የኤምቢኤ ተማሪዎችን ጨምሮ፣ የትዳር ጓደኛና ልጅ በጥገኛ ቤተሰብነት ይዘው መግባት አይችሉም። የሠላሳ ዓመት ባለትዳር ለሆነ ሰው ይህ ከማንኛውም ደረጃ ሰንጠረዥ ይበልጣል።

ካናዳ። ከየካቲት 2024 ወዲህ የማስተርስ ምሩቅ ፕሮግራሙ ከሁለት ዓመት ቢያጥርም የሦስት ዓመት የሥራ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ ከኅዳር 2024 ጀምሮ የቋንቋ ፈተና ውጤት ይጠየቃል። የትዳር ጓደኛ የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው ግን ከጥር 2025 ወዲህ ፕሮግራሙ 16 ወርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የ12 ወሩ ኤምቢኤ ርካሽ መስሎ ይታያል፤ የቀረው የባል ወይም የሚስት የአንድ ዓመት ገቢ ሲታከልበት ግን ወጪው ከ16 ወሩ ሊበልጥ ይችላል።

አውስትራሊያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የምሩቃን ቪዛ የዕድሜ ጣሪያን ለአብዛኛው አመልካች ወደ 35 አውርዳለች፤ ቢያንስ የሁለት የትምህርት ዓመት ጥናትም ትጠይቃለች። ጀርመን ምሩቅ ሥራ እንዲፈልግ 18 ወር ትሰጣለች። ኔዘርላንድ የምትሰጠው አንድ ዓመት ነው፤ እሱም ከምረቃ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ሊጠየቅ ስለሚችል አገሩ ሄዶ ሠርቶ ለተመለሰ ሰው እንኳ ይጠቅማል። በጀርመንና በፈረንሳይ ፈቃዱ ለጋስ ነው፤ የሚያስቸግረው ቋንቋው ነው። ክፍሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቢሮው ግን አይደለም። ቋንቋውን ለመጀመር የአሥር ወር ትምህርት መካከል ምቹ ጊዜ አይገኝም።

ስኮላርሺፕም ፈቃድ ይነካል። የብሪታንያው ቼቭኒንግ ተጠቃሚው ሲጨርስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል። በጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም) ቪዛ በመንግሥት ገንዘብ አሜሪካ የተማረም፣ እንደ ፉልብራይት ተማሪዎች፣ ሁለት ዓመት አገሩ ሳይኖር ወደ ኤች-1ቢ መሻገር አይችልም። ነፃ የሆነው ትምህርት ዋጋው በሌላ ገጽ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ለመመለስ ለወሰነ ሰው ግን ይህ ምንም ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

የቅጥር ሪፖርት አነባበብ

ደህና የሚባሉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የቅጥር ሪፖርት ያወጣሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ ይዘጋዋል። ቁም ነገሩ ያለው ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ነው።

መጀመሪያ አካፋዩን ይፈልጉ። «86 በመቶ በሦስት ወር ውስጥ ሥራ ያዙ» ሲባል ከማን ውስጥ? አንድ ምሳሌ ብንሠራ፣ 200 ተመራቂዎች አሉ። 30ዎቹ ድርጅታቸው ከፍሎላቸው የሚመለሱ፣ 15ቱ የራሳቸውን ኩባንያ የጀመሩ፣ 15ቱ ደግሞ መረጃ ያልሰጡ ናቸው። የቀሩት 140ዎቹ «ሥራ ፈላጊ» ይባላሉ። ከነሱ 120 ሥራ ቢይዙ ሪፖርቱ 86 በመቶ ይላል፤ ከጠቅላላው ሲሰላ 60 በመቶ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የታወቀ የአሠራር ደንብ ነው። ነገር ግን ሥራ አጥቶ «ኩባንያ ጀምሬያለሁ» ያለውና በእውነት የጀመረው በአንድ መደብ ውስጥ እንደሚገቡ ልብ ይሏል።

ቀጥሎ ደመወዙን የተናገሩት ስንት እንደሆኑ ይታይ። ዝቅተኛ የተከፈለው ሰው ዝም ማለት ይቀናዋል። ከዚያ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሪፖርት በቋሚነት የመሥራት መብት ያላቸውንና የሌላቸውን ለይቶ የሚያሳይበት ሰንጠረዥ አለ። ለውጭ አመልካች የመጀመሪያው ገጽ ያ ነው። ሰንጠረዡ ከሌለ ለትምህርት ቤቱ የሙያ አገልግሎት ቢሮ በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል፦ ባለፈው ዓመት የሥራ ፈቃድ ካልነበራቸው ተመራቂዎች ስንቱ በዚሁ አገር ተቀጠሩ? በሦስት ወር፣ በስድስት ወር? የትኞቹ ቀጣሪዎች ከአንድ በላይ ወሰዱ? ግልጽ ቁጥር የሚልክ ቢሮ አለ፤ ስለ «ብዝኃነታችን» አንድ አንቀጽ ጽፎ የሚመልስም አለ። ሁለተኛውም መልስ ነው።

የቀጣሪዎች ዝርዝርም እንዲሁ ነው። አርማቸው በተርታ የተደረደሩት ሰማንያ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው በአምስት ዓመት አንድ ሰው ወስደው ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣው ነው።

የፋይናንሻል ታይምስ ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የሚታየው ደመወዝ ከምረቃ ሦስት ዓመት በኋላ ያለ ሲሆን፣ በየአገሩ ባለው የመግዛት አቅም የተስተካከለ ነው። ኑሮ ርካሽ በሆነበት አገር የሚሠራ ምሩቅ 60,000 ዶላር ቢከፈለው ሰንጠረዡ ላይ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ለንጽጽር ተገቢ ነው፤ የዶላር ዕዳ ለሚከፍል ሰው ግን ባንኩ በመግዛት አቅም የተስተካከለ ገንዘብ አይቀበልም።

ከሪፖርቱ በኋላ ሰው ማነጋገር ይቀራል። ትምህርት ቤቱ የሚያገናኘው የቀድሞ ተማሪ የተመረጠ ነው። በሊንክድኢን ገብቶ ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቁ፣ ተመሳሳይ ፓስፖርትና ተመሳሳይ የሥራ ታሪክ ያላቸው አምስት ሰዎችን መፈለግ ይሻላል። «ትምህርቱ እንዴት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው «በጣም ጥሩ» ከሚል መልስ አያልፍም። ስንት ቦታ አመለከትክ፣ ስንቱ የቪዛውን ነገር ሲሰማ አቆመ፣ ውሉን በየትኛው ወር ፈረምክ፣ አሁን ፈቃድህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን ሌላ ታሪክ ይሰማል።

ሒሳቡ

የሃርቫርድ የትምህርት ክፍያ ብቻ በ2024–25 ለአንድ ዓመት 76,410 ዶላር ነበር። የኢንሲያድ የአሥር ወር ክፍያ ከ100,000 ዩሮ አልፏል። ኑሮው በዚህ ላይ ይታከላል።

የሚወራው የመመለሻ ስሌት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ደመወዜ 40,000 ዶላር ነበር፣ 140,000 ይሆናል፣ ልዩነቱ 100,000፤ የሁለት ዓመቱ ክፍያ 150,000 ስለሆነ በአንድ ዓመት ተኩል ገንዘቤ ይመለሳል። ቆም ብለን እናስላው። ክፍያው 150,000፤ ኑሮ፣ የጤና ኢንሹራንስና ጉዞ 70,000፤ ለሁለት ዓመት የቀረው ደመወዝ ከግብር በኋላ 60,000። ድምሩ 280,000 ነው። 50,000 ስኮላርሺፕ ቢገኝ 230,000 ይቀራል። 140,000 ከግብር በኋላ 95,000 ገደማ ይሆናል እንበል። ባይሄድ ኖሮ ደግሞ ደመወዙ እንደነበረ አይቆምም፤ 33,000 ደርሶት ነበር እንበል። ልዩነቱ 62,000 ነው። የውዱ ከተማ ኪራይና ኑሮ ከዚህ ላይ 25,000 ቢወስድ 37,000 ይተርፋል። 230,000 ለ37,000 ሲካፈል ከስድስት ዓመት በላይ ነው፤ ወለድ ሳይቆጠር፣ ሥራውም በቀጥታ ተገኝቶ። ስድስት ዓመት ለሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመን ብዙ ላይሆን ይችላል። ለ12 ወር ፈቃድ ግን ብዙ ነው። ሁለቱ ሰነዶች፣ ሒሳቡና ቪዛው፣ አብረው መታየት ያለባቸው ለዚህ ነው።

ብድሩን ደግሞ ለብቻው እንየው። እንደ ፕሮዲጂ ፋይናንስና ኤምፓወር ያሉ አበዳሪዎች የውጭ ተማሪን ያለ ዋስ ያበድራሉ፤ የሚያበድሩት ግን ራሳቸው ለመረጧቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ዝርዝራቸው በነፃ የሚገኝ ምክር ነው፤ ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚፈልግ ሰው የትኛውን ምሩቅ እንደሚያምን ያሳያል። 120,000 ዶላር በ11 በመቶ ወለድ በአሥር ዓመት ሲከፈል በወር 1,650 ዶላር ገደማ፣ በድምሩ ወደ 198,000 ይመጣል። በዓመት 120,000 ለሚያገኝ ሰው ከጠቅላላ ደመወዙ 17 በመቶ ቢሆን ነው። ሥራ አጥቶ ተመልሶ 45,000 ለሚቀጠረው ግን 44 በመቶ ነው። ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት «ካልተሳካና ብመለስ ይህን ወርሃዊ ክፍያ በምን እከፍላለሁ?» የሚለው ነው። ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነና አብዛኛውን ጊዜ እንደሚሆነው በትምህርት ላይ እያሉም የሚቆጠር ከሆነ ስሌቱ ወለዱ ላይ ሁለት የመቶኛ ነጥብ ጨምሮ ደግሞ ይሠራ።

ማመልከቻው በአጭሩ

ስለ ፈተናና ድርሰት ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ የውጭ አመልካችን የሚነካውን ብቻ እናንሣ። የቢዝነስ ስኩሎች መግቢያ ፈተና የሆነው ጂማት ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ያለው አዲሱ ቅርጽ ብቻ ነው። ሦስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ ድርሰት የለውም፣ ነጥቡ ከ205 እስከ 805 ነው። የድሮውን 700 ይዞ የሚያነጻጽር ሰው ይሳሳታል፤ በአዲሱ 645 አካባቢ ያለ ውጤት ከድሮው 700 ጋር ይስተካከላል። ውጤቱ አምስት ዓመት ስለሚያገለግል ሥራ ሳይበዛ አስቀድሞ መፈተን ይቻላል።

የማመልከቻ ዙሮች በአብዛኛው ሦስት ናቸው፦ መስከረም አካባቢ፣ ጥር መጀመሪያና መጋቢት ወይም ሚያዝያ። ሦስተኛው ለውጭ አመልካች አይመከርም። ስኮላርሺፑ እስከዚያ ተከፋፍሏል፤ የቪዛ ቀጠሮም ላይደርስ ይችላል። ገንዘብን በሚመለከት፣ አይ-20 ለማግኘት የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ወጪ ማሳየት ያስፈልጋል። ብሪታንያ ደግሞ ገንዘቡ በባንክ ሒሳቡ ውስጥ ለ28 ተከታታይ ቀን ሳይጎድል መቀመጡን ትመለከታለች። በ27ኛው ቀን ለአውሮፕላን ትኬት የወጣ ትንሽ ገንዘብ ሒሳቡን ከሚፈለገው በታች ካወረደው ቪዛውን ሊያስከለክል ይችላል፤ ቆጠራውም ከአንድ ይጀምራል።

ለመመለስ የሚማር ሰው

መመለስ እንደ ሽንፈት ሲታይ ይገርማል። ድርጅቱ ከፍሎለት ሄዶ ወደ ከፍተኛ ቦታ የሚመለስ ሰው ከሁሉም ያነሰ አደጋ ውስጥ ነው ያለው። የሚቸገረው ሳያስብበት የሚመለሰው ነው። ሁለት ዓመት ከገበያው ርቆ ቆይቷል፤ የቀድሞ ባልደረቦቹ ቦታ ይዘዋል፤ የአገሩ ቀጣሪ የትምህርት ቤቱን ስም ላያውቀው ይችላል፤ ቢያውቀውም «ይህ ሰው ውድ ነው፣ አይቆይም» ብሎ ያልፈዋል። ዕዳው በዶላር፣ ደመወዙ በአገሩ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ የምንዛሪ ለውጥ የዕዳ ጭማሪ ነው።

በተሻለ የሚሠራው መንገድ ከምረቃ በኋላ በዓለም አቀፍ ኩባንያ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ በዚያው ኩባንያ ውስጥ ወደ አገር ወይም ወደ አካባቢው ቢሮ መዛወር ነው። በዚያን ጊዜ ተፈላጊው ዲግሪው ሳይሆን የሥራ ልምዱ ነው። ይህን የሚያስብ ሰው ገና በኢንተርንሺፕ ቃለ መጠይቁ ላይ ኩባንያው በአካባቢው ቢሮ እንዳለውና የውስጥ ዝውውር ምን ያህል ዓመት እንደሚጠይቅ ይጠይቃል። በቀጥታ የሚመለስ ደግሞ ቢያንስ አንዱን የክፍል ፕሮጀክት ወይም የማሟያ ጥናት በአገሩ ገበያ ላይ ቢያደርግ፣ ቃለ መጠይቁን ለማግኘት ምክንያት ይሆነዋል፤ የድርጅት ኃላፊ ለተማሪ ጥናት በሩን ይከፍታል፣ ለሥራ ፈላጊ ግን ጸሐፊውን ይልካል።

ከተቀባይነት ደብዳቤው በኋላ

ደብዳቤው ሲደርስ ብዙዎች ደስታው ውስጥ ሆነው ቅድሚያ ክፍያውን ያስገባሉ። ቅድሚያ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ቪዛ ቢከለከል እንደሚመለስ ግን አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በጽሑፍ ያስቀምጣሉ። ያ ዓረፍተ ነገር መኖር አለመኖሩን መጀመሪያ ማየት ነው። ሁለተኛው ስኮላርሺፕን መጠየቅ ነው። ተመጣጣኝ ወይም የተሻለ ስም ካለው ሌላ ትምህርት ቤት የተሰጠ የገንዘብ ድጋፍ ያለው ሰው ደብዳቤውን አያይዞ፣ ይህኛው ምርጫው እንደሆነና የጎደለው ይህን ያህል እንደሆነ በአንድ አጭር ገጽ በትሕትና ሊጽፍ ይችላል። መጠኑን በቁጥር መጻፍ ይገባል፤ «ማንኛውም ድጋፍ ቢደረግልኝ» የሚል ደብዳቤ ለኮሚቴ የሚያቀርቡት ነገር አይሰጣቸውም። ትምህርት ቤቱ ለዚህ በጀት የሚይዘው መልካም ተማሪ ወደ ተፎካካሪው እንዳይሄድበት ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚጻፈው ቅድሚያ ክፍያው ከመግባቱ በፊት፣ የመክፈያው ቀን ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ከከፈሉ በኋላ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው።